ጀበናው ከእሳት ሳይወርድ ቤት መቀየር

ይህ ጅማ ላይ ሰርቨር ለሚነካኩ ባለሙያዎችና ለተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወሬው ቪሞሽን ስለሚባለው የቪኤምዌር ሶፍትዌር ዘዴ ነው፤ እየሠራ ያለን ቨርቹዋል ማሽን (ቪኤም) ሳያጠፉ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ማዛወር። ስጽፈው የተደጋገመውን ቆርጫለሁ። ጥያቄዎቹን ግን በመጡበት ቦታ ትቻቸዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ዝናቡን ጥሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በክረምት ጅማ ውስጥ ሰው መጥራት ድፍረት ይጠይቃል። ከአጂፕ እዚህ ለመድረስ ባጃጁ ሦስት ጊዜ ቆሟል፤ እኔም ሦስት ጊዜ ልመለስ አስቤያለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ልጠይቃችሁ። ቪኤምዌር ያለበት ቦታ የሚሠራ ማነው? ሰባት፣ ስምንት እጅ። ጥሩ ነው። ከነዚህ ውስጥ ለቪሞሽን ሁለት ኔትወርክ ካርድ የመደበስ? አራት። እሺ። ከአራታችሁ ውስጥ ሁለቱም ካርዶች በእርግጥ ዳታ ሲያሳልፉ በዓይኑ ያየ?

አንድም እጅ የለም። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል እንደናንተ ነበርኩ። ሁለት ካርድ ገዝቼ፣ ሁለት ኬብል ዘርግቼ፣ የሁለቱንም መብራት አረንጓዴ አይቼ ተኝቻለሁ። የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነበር። የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ ነው።

ተማሪዎች አሉ፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። አንድ ብረት ሳጥን አለ፤ ሆስት እንለዋለን። በውስጡ አሥር፣ ሃያ ቪኤም ይኖራል። እያንዳንዱ ቪኤም ራሱን እንደ ሙሉ ኮምፒውተር ይቆጥራል። ሳጥኑ ጥገና ሲፈልግ ድሮ ምርጫ አልነበረም፤ ሁሉንም ታጠፋለህ፣ ሰው ይጮኻል፣ ሌሊት ትሠራለህ። ቪኤምዌር በ2003 ቪሞሽንን ሲያመጣ ነገሩ ተቀየረ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እንዳትደናገሩ። ማሽኑ ሳይጠፋ፣ ተጠቃሚው ሳያውቅ፣ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ይዛወራል። በ2005 ዜን የተባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ላይ ሰዎች እየተጫወቱበት ያለ የጨዋታ ሰርቨር አዛውረው የቆመበት ጊዜ 60 ሚሊሰከንድ ብቻ ነበር። ዓይን እስክትጨፍን ያለው ጊዜ እንኳ ከዚያ ይረዝማል።

እንዴት ይሆናል? ዲስኩ አይንቀሳቀስም። ሁሉም ሆስቶች በሚያዩት የጋራ ስቶሬጅ ላይ ተቀምጧል። የሚጓዘው ራሙ ነው። ችግሩ ራም ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። አንተ እየገለበጥከው ባለቤቱ ይጽፍበታል። ቤት እየቀየርክ ነው፤ እናት ግን ቡና እያፈላች ናት፣ ጀበናውም ከእሳት አይወርድም።

ይህን ለሰው ሳስረዳ በቡና ነው የማስረዳው። ጅማ ላይ ቆሜ ሌላ ምን ልጥራ? አቦል ላይ ራሙ በሙሉ ይገለበጣል። እሱ እስኪገለበጥ ማሽኑ ሥራውን አላቆመም፤ ስለዚህ የተወሰኑ ገጾች፣ ማለትም የራሙ ቁርጥራጮች፣ ተቀይረዋል። ቶና ላይ የተቀየሩት ብቻ ይላካሉ። ከአቦሉ ቀጠን ይላል። በረካ ላይ ደግሞ ቶናው ሲላክ የተቀየሩት ይላካሉ። ይበልጥ ይቀጥናል። ከቡናው የሚለየው የግድ ሦስተኛው ላይ አለማብቃቱ ነው። የቀረው እዚህ ግባ የማይባል እስኪሆን ድረስ ይቀጥላል። ከዚያ ማሽኑ ለቅጽበት ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል፣ የቀረችው ትሻገራለች፣ አዲሱ ሆስት ላይ ይነቃል። አዲሱ ሆስትም በቪኤሙ ስም ለስዊቹ መልእክት ይልካል፤ «ይህ ሰው ከአሁን ጀምሮ በዚህ ፖርት በኩል ነው» እንደ ማለት ነው። ፒንግ (ማሽኑ መልስ ይሰጥ እንደሆነ መጠየቂያውን) ከፍታችሁ ብትጠብቁ አንድ ፓኬት ቢጠፋባችሁ ነው።

ይህን ሥዕል በአእምሯችሁ ያዙት። ቶናው ከአቦሉ መቅጠን አለበት። ካልቀጠነ ቡናው አያልቅም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። ሦስት ሆስት ነበረን። አንደኛው ራሙ ላይ ስህተት ማሳየት ጀመረ። ገና ራሱ የሚያርመው ዓይነት ስህተት ነው፤ ግን እንዲህ የጀመረው ሚሞሪ የት እንደሚቆም አይታወቅም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ በአውቶብስ መጣ። ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሰው ጭን ላይ ተቀምጦ ማለት ነው። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ አርብ ማታ ሆስቱን ባዶ አደርጋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሚሞሪውን እቀይራለሁ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሜንተናንስ ሞድ የሚለውን ተጫንኩ። ትናንሾቹ ቪኤሞች አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወጡ። ደስ አለኝ። ሻይ አዘዝኩ። የቀረው የዳታቤዙ ማሽን ነበር፤ 64 ጊጋባይት ራም። ሁለት ካርድ አለኝ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል አልኩ።

አሥር ደቂቃ ሆነ። ሃያ ሆነ። ቁጥሩ ወደፊት ይሄዳል፣ ግን እንደ ቀንድ አውጣ። ማታ ማታ ሪፖርት የሚያወጣ ሥራ ዳታቤዙ ላይ እንደሚሮጥ ረስቼዋለሁ። ያ ሥራ ራሙን እንደ ጉድ ይጽፍበታል። ሠላሳ ደቂቃ አለፈ። ስልክ ተደወለ። ተረኛዋ ገንዘብ ተቀባይ ናት።

«ጋሼ፣ ሲስተሙ ተኝቷል እንዴ? ደረሰኝ አይወጣልኝም፤ ሰው ተሰልፏል።»

«ተኝቶ ሳይሆን እየተዛወረ ነው» ልላት አልኩና ተውኩት። ምን ትበላበታለች!

ግን ልጅቷ ትክክል ነበረች። በእርግጥም ተኝቶ ነበር፤ ለዚያውም ሆን ተብሎ የተስተኛ። ከቪስፌር (የቪኤምዌሩ ሶፍትዌር) 5.0 ጀምሮ ማሽኑ ኔትወርኩ ከሚችለው በላይ እየጻፈ ካስቸገረ፣ ሲስተሙ የቪኤሙን ፕሮሰሰር ለጥቂት ሚሊሰከንድ እያስተኛ እየቀሰቀሰ ያዘገየዋል። ቶናው እንዲቀጥን ሰውየውን ቡና ከመጨመር መከልከል ነው። ብልህ ዘዴ ነው፤ ዝውውሩ እንዳይከሽፍ ያደርጋል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን መስኮቱ ጋ የተሰለፈው ሰው ነው።

ስልኩን ዘግቼ ሆስቱ ውስጥ ገባሁ፤ የሆስቱን ሥራ በቁጥር የሚያሳየውን ኢኤስኤክስቶፕን ከፍቼ የኔትወርኩን ገጽ ጠራሁ። ኢኤስኤክስቶፕ ምንም ውበት የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ቁጥር ብቻ። ቪኤምኒክ2 የሚለው የአንደኛው ካርድ መስመር ላይ በሰከንድ 940 ሜጋቢት። አንድ ጊጋቢት ካርድ ከዚህ በላይ አይወጣውም፤ ላብ በላብ ሆኗል። ከሥሩ ቪኤምኒክ3። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት።

ሻዩ በረደብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ካርድ መብራቱን እያበራ ምንም ሳይሠራ ተቀምጧል። በመንግሥት ቤት ቢሆን ጡረታው ይታሰብለት ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ምን ይሆናል፣ በእጥፍ ቢዘገይ ነው» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ስሌቱን ቁጭ ብዬ ስሠራው ግን ነገሩ እጥፍ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከዛሬው ንግግር ይቺን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አልከፋም።

አንድ ጊጋቢት ካርድ በተግባር በሰከንድ 115 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል። 64 ጊጋባይት ራም በዚህ ፍጥነት 570 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል። ይሄ አቦሉ ብቻ ነው። ማሽኑ በሰከንድ 40 ሜጋባይት አዲስ ገጽ ይቀይራል እንበል። አቦሉ እስኪያልቅ 22 ጊጋባይት ገደማ ተቀይሮ ይጠብቃል። እሱን ለመላክ ሌላ 200 ሰከንድ ግድም። በዚያ ውስጥ ደግሞ 8 ጊጋባይት የሚጠጋ ተቀይሯል፤ 70 ሰከንድ። እንዲህ እያለ እስኪያልቅ ድምሩ ወደ 15 ደቂቃ ይጠጋል።

አሁን ሁለት ካርድ በእርግጥ ይሥሩ፤ 230 ሜጋባይት በሰከንድ። አቦሉ 285 ሰከንድ። ቶናው 50። በረካው ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። ድምሩ ስድስት ደቂቃ አይደርስም። ከ15 ወደ 6 በታች! ካርዱ በእጥፍ ጨመረ፤ ጊዜው ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ምክንያቱም አቦሉ ስላጠረ የሚቀየረው ገጽ አነሰ፣ ቶናው ስላነሰ በረካው ይበልጥ አነሰ።

ማሽኑ ይበልጥ ሲጽፍ ልዩነቱ ይሰፋል። እንደኔ ዳታቤዝ በዚያች ሌሊት በሰከንድ 80 ሜጋባይት ይቀይር። ፍሬን የሚይዘው ባይኖር በአንድ ካርድ ከ30 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በሁለት ካርድ ከሰባት ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። አራት እጥፍ! ከ115 በላይ ቢጽፍ ደግሞ በአንድ ካርድ ቶናው ከአቦሉ ይወፍራል፤ መቼም አያልቅም። እርግጥ ነው፣ በእውነተኛው ዓለም ማሽን አንዱኑ ገጽ ደጋግሞ ስለሚጽፍበት ነገሩ ከዚህ ለዘብ ይላል። አቅጣጫው ግን ይኸው ነው።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን አወጣ። «ታዲያ ሁለቱ ካርዶች አንድ ስዊች ላይ ከተሰኩና ሁለቱም አክቲቭ ከተባሉ ለምን ራሱ አያካፍልም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የኔም ስህተት እዚሁ ጋ ነበር። ወንድሜ፣ አዌቱን የሚያሻግር ሁለት ድልድይ አለ እንበል። አንድ ባጃጅ አለህ። ሁለት ድልድይ ስላለ ባጃጁ በሁለቱ አንዴ አይሄድም። አንዱን መርጦ ይሄዳል። ቪኤምከርነል የምንለው የሆስቱ የራሱ የኔትወርክ መግቢያ ባጃጁ ነው። ሆስቱ ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራው ቨርቹዋል ስዊች በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን መግቢያ ለአንድ ካርድ ይመድበዋል። ካርዱ ካልሞተ በስተቀር እዚያው ይቆያል። ስለዚህ አንድ መግቢያ ፈጥረህ ከሥሩ አራት ካርድ ብትደረድር የሚሠራው አንድ ነው፤ ሦስቱ ተጠባባቂ ናቸው። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። የተማርኩት በቪስፌር 4 ዘመን ነው፤ ያኔ ለቪሞሽን ከአንድ መግቢያ በላይ መጠቀም አይቻልም ነበር። በ2011 ቪስፌር 5.0 ሲወጣ ተፈቀደ። ሶፍትዌሩን አሳደግኩ፤ ጭንቅላቴን ማሳደግ ረሳሁ።

«ኤልኤሲፒ አድርጌ ሁለቱን ኬብል አንድ ባስርስ?» ያለም ነበር። እሱም አይጠቅምም፤ ቢያንስ ለዚህ ሥራ። ማሰሪያው የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ አይቶ ነው ኬብል የሚመርጠው። ከአንድ ሆስት ወደ አንድ ሆስት ሲሆን አድራሻዎቹ አይለወጡም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚወድቀው እዚያው ኬብል ላይ ነው። ስዊቹ ላይ ተጨማሪ ጣጣ ገዝተህ የባጃጁን ቁጥር ሳትጨምር ትቀራለህ።

መፍትሔው ሁለተኛ ባጃጅ መግዛት ነው። ከዚያም አንዱን ባጃጅ በላይኛው ድልድይ፣ ሌላውን በታችኛው እንዲሄዱ ማዘዝ።

በተግባር እንዲህ ነው የማደርገው። አንድ ቨርቹዋል ስዊች፤ ከሥሩ ቪኤምኒክ2 እና ቪኤምኒክ3። ላዩ ላይ ሁለት ፖርት ግሩፕ፣ ማለትም የየራሳቸው ደንብ ያላቸው የመግቢያ ምድቦች፣ እፈጥራለሁ፤ ቪሞሽን 01 እና ቪሞሽን 02። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ የቪኤምከርነል መግቢያ፤ ሁለቱም ላይ ቪሞሽን የሚለው ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱን አንዱ ላይ አድርጎ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው፤ ሳትስቁ በፊት የራሳችሁን እዩ። ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል። የፖርት ግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ ቲሚንግ ኤንድ ፌይልኦቨር የሚል ገጽ አለ። እዚያ ኦቨራይድ የሚለውን አብሩና 01 ላይ ቪኤምኒክ2 አክቲቭ፣ ቪኤምኒክ3 ስታንድባይ አድርጉ። 02 ላይ ተቃራኒውን። በቃ። ሁለት ዓመት ያስተኛኝ ነገር ይቺ አራት ክሊክ ናት።

ስታንድባይ ለምን? አንዱ ኬብል ቢነቀል ሁለቱም ባጃጆች በአንድ ድልድይ ይሄዳሉ። ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ሁለተኛውን ጨርሶ ከዝርዝሩ ያወጣ ሰው አይቻለሁ፤ ኬብል በተነቀለ ቀን ግማሽ መንገዱ ይዘጋበታል።

አይፒውን በተመለከተ፣ ሁለቱም መግቢያዎች አንድ ሰብኔት (አንድ የአድራሻ ሰፈር) ውስጥ ይሁኑ። ለምሳሌ አንደኛው ሆስት 10.20.30.11 እና 10.20.30.21 ይኑረው፤ ሁለተኛው 12 እና 22። ኔትወርክ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ቅንድቡን ያነሳል፤ ልክም ነው። በተለመደው ሕግ አንድ ሰብኔት ላይ ሁለት መግቢያ ያለው ማሽን ትራፊኩን በአንዱ ብቻ ያወጣል። ቪሞሽን ግን ግንኙነቱን ራሱ ከየመግቢያው ጋር አስሮ ስለሚከፍት ይህ አይነካውም። ማኔጅመንቱን፣ ማለትም ሆስቱን የምታስተዳድሩበትን መግቢያ፣ እዚያው ሰብኔት ውስጥ አታስገቡት እንጂ። እሱን ካስገባችሁ የድሮው ሕግ ይመለስና ምን በየት እንደሚወጣ ለማወቅ ሌሊቱን ታሳልፋላችሁ።

ሁለት ስዊች ላላችሁ አንድ ነገር። ካርዶቹን ለየብቻ ስዊች መሰካት ጥሩ ልማድ ነው። ግን ሁለቱን ስዊቾች የሚያገናኘው ኬብል የቪሞሽኑን ቪላን (ስዊች ላይ ለብቻው የተከለለውን ኔትወርክ) ማሳለፍ አለበት። አለበለዚያ አንዱ ሆስት ኬብሉ ተነቅሎ ወደ ሌላኛው ስዊች ሲዞር፣ እዚያ ማዶ ያለው ጓደኛው አይታየውም።

ቪላኑ ለብቻው ይሁን ስል ለፍጥነት ብቻ አይደለም። ከቪስፌር 6.5 በፊት በዚህ መንገድ ላይ የሚሄደው ራም እንዳለ ራቁቱን ነው የሚሄደው። ራም ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ የይለፍ ቃል፣ የሰው ሒሳብ፣ የሕመምተኛ ካርድ። እንግዶች ዋይፋይ በሚጠቀሙበት ቪላን ላይ ቪሞሽን የሚያልፍበት ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝም ብዬ ወጥቼ መልሼ ገባሁ፤ በትክክል ማየቴን ለማረጋገጥ።

ወደዚያች አርብ ታሪክ ልመለስ። በቀጣዩ ሰኞ ማታ ሁለቱን ሆስቶች እንዲህ አስተካከልኩ። ሦስተኛው ገና አዲስ ሚሞሪ በልቶ ነበር፤ እሱንም። ሁሉም ሆስት እኩል መሆን አለበት። ላኪው ሁለት፣ ተቀባዩ አንድ ካርድ ካለው ፍጥነቱ የአንዱ ነው። አንድ ቪኤም አዛወርኩ፣ ኢኤስኤክስቶፕን ከፈትኩ። ቪኤምኒክ2 930፣ ቪኤምኒክ3 925። አንዲት ቪኤም ብቻዋን ስትሄድ እንኳ በሁለቱ ተከፍላ ትሄዳለች፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ካርዶቹ የሚጠቅሙት ብዙ ቪኤም ሲዛወር ብቻ ይመስለዋል። ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። እስካሁን አለኝ።

እዚያ ላይ ብቆም ምን ነበረበት! አላቆምኩም። የሆነ ቦታ ጃምቦ ፍሬም ፍጥነት ይጨምራል የሚል አነበብኩ። ይጨምራልም። ኤምቲዩው፣ ማለትም አንድ ፓኬት የሚይዘው የባይት መጠን፣ ከ1500 ወደ 9000 ሲወጣ ፓኬቱ ስለሚተልቅ ፕሮሰሰሩ ይቀለዋል። ቨርቹዋል ስዊቹን 9000 አደረግኩ፣ መግቢያዎቹን 9000 አደረግኩ፣ ፒንግ አደረግኩ፣ መለሰ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በማግስቱ ቪኤም ሳዛውር ይጀምራል፣ ሃያ በመቶ አካባቢ ይደርሳል፣ ይቆማል፣ ይወድቃል። መሃል ላይ ያለውን ብረት ስዊች አልነካሁትም ነበር። ትናንሽ ፓኬቶች ያልፋሉ፣ ስለዚህ ፒንጉ ሳቀልኝ። ትላልቆቹ ስዊቹ ላይ ሲደርሱ ይጣላሉ። ዕቃ የሞላ አይሱዙ ባጃጅ በሚያልፍበት ቅያስ ላክኩ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ፒንግ ዝም ብሎ አላደርግም። በሆስቱ ላይ ቪኤምኬፒንግ በሚለው ትእዛዝ፣ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ የሚከለክለውን የዲ ምልክት አድርጌ፣ መጠኑን 8972 ባይት አደርገዋለሁ። ቀሪው 28 ባይት የአይፒውና የፒንጉ ራስጌ ነው፤ ድምሩ 9000። እሱ ካለፈ መንገዱ ክፍት ነው። ደግሞ ከየትኛው መግቢያ እንደሚወጣ በስሙ ጠርቼ፣ ለእያንዳንዱ መግቢያ ለብቻው። ስድስት አይፒ ካለ ስድስቱንም። አሰልቺ ነው። አንድ ማኪያቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ስዊቻችሁ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚነካው በማታውቁበት ቤት ደግሞ 1500 ላይ ብትቆዩ ምክሬ ነው። ከጃምቦው የምታገኙት ትርፍ ሁለተኛውን ካርድ በማሠራት ከምታገኙት ጋር አይወዳደርም።

ካርድ የት ይገኛል ላላችሁ፣ ባለአራት ፖርት አንድ ጊጋቢት ካርድ ያገለገለውን መግዛት ነውር የለውም። የቪኤምዌርን የተኳኋኝነት ዝርዝር ግን ሳታዩ አትግዙ፤ እኔ ሳላይ የገዛሁት አንድ አለኝ፣ አሁን የበር መደገፊያ ነው። በአንድ ሆስት ለቪሞሽን እስከ 16 ባለአንድ ጊጋቢት ካርድ፣ ወይም እስከ 4 ባለ10 ጊጋቢት ካርድ መስጠት ይቻላል። አሥራ ስድስት የሰጠ ሰው አላየሁም፤ ባየው ደግሞ ኬብሉን ማን እንደሚጎነጉንለት ነው የምጠይቀው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሆስት የሚዛወሩት ቪኤሞችም ገደብ አላቸው፤ በአንድ ጊጋቢት 4፣ በ10 ጊጋቢት 8።

10 ጊጋ ያላችሁ ደግሞ ብዙም አትጨነቁ። ያ 64 ጊጋባይት አቦል በአንድ 10 ጊጋ ካርድ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያም በላይ፣ 25 ወይም 100 ጊጋ ሲሆን ነገሩ ተገልብጦ አንድ መግቢያ ካርዱን መሙላት አቅቶት ይቸገራል። ድሮ ያንን በእጅ ማስተካከል ነበረብን፤ ከ7.0 አፕዴት 2 ወዲህ ሲስተሙ ራሱ የመስመሮቹን ቁጥር ይጨምራል።

ከኋላ አንዲት ልጅ የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር ቪ ላይስ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። እዚያ ሥዕሉ አንድ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። መንገዱን የማካፈያው ዘዴ ግን ይለያል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ጀምሮ ለዝውውሩ ኤስኤምቢ የሚለውን ከመረጥሽ፣ ብዙ ካርድ ካለ ራሱ አግኝቶ ያካፍላል። ሌሎቹን ሁለቱን አማራጮች ከመረጥሽ አያካፍልም። እዚያም ያው ነው እህቴ፣ ሁለተኛውን ካርድ ሲሠራ እስክታዪው አትመኚው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ ሰው መጣ። ከጅማ ወጣ ካለ ወረዳ ነው የመጣው። ሁለት ሆስት አላቸው፣ እያንዳንዱ ላይ ያሉት ካርዶች በጠቅላላው ሁለት። ማኔጅመንቱም፣ ቪኤሞቹም፣ ቪሞሽኑም በዚያው። «እኛስ ምን እናድርግ? ካርድ እስኪፈቀድልን ዓመት ነው» አለ።

ሳቅ ሆነ፤ እሱ ግን አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም። ጋሼ፣ አልኩት፣ በሁለቱም ይሠራል። ለእርስዎ ሁለት የቪሞሽን መግቢያ አልመክርም፤ ቪሞሽን ሁለቱንም ካርድ ከዋጣቸው ሠራተኞችዎ የሚያልፉበት አይኖርም። አንድ መግቢያ ይፍጠሩ፣ ቪላኑን ለብቻው ያድርጉት። ማኔጅመንቱና ቪኤሞቹ ቪኤምኒክ0 አክቲቭ፣ ቪኤምኒክ1 ስታንድባይ። ቪሞሽኑ ቪኤምኒክ1 አክቲቭ፣ ቪኤምኒክ0 ስታንድባይ። እንዲህ ሲሆን በሰላሙ ቀን አንዱ የአንዱን መንገድ አይዘጋም፤ አንዱ ኬብል በተነቀለ ቀን ደግሞ ሁለቱም ተጠጋግተው ያልፋሉ። ዳታቤዝ ካለዎት የሌሊቱ ሪፖርት የሚወጣበትን ሰዓት ይወቁና በዚያ ሰዓት አያዛውሩ።

ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አሁን ሁለቱም አክቲቭ ላይ ናቸው፤ ሲሠራ ብቀይረው ቪኤሞቹ ይቆረጣሉ?» አለኝ።

መጀመሪያ ስታንድባዩ ኬብል ትክክለኛው ቪላን ያለው ፖርት ላይ መሰካቱን ያረጋግጡ፣ አልኩት። ከተረጋገጠ አይቆረጡም። ካልተረጋገጠ ግን መጀመሪያ የሚቆረጡት እርስዎ ነዎት፤ ማኔጅመንቱ አብሮ ይሄዳልና ሆስቱ ጋ በእግርዎ መሄድ ይኖርብዎታል።

«ቢሮዬና ሰርቨሩ አንድ ክፍል ነው» አለ። ያኔ ሳቀ።